ለኳስ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ልጅና የቤተ ሰቡ ምክር

ልጅን ወደ ሩቅ አገር መስደድ ለአባትና ለእናት ከባድ ነገር መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ቀድሞ ልጅ ከወላጆቹ ቤት የሚለየው ለትምህርት፥ ለንግድ ወይም ለዘመቻ ነበር፤ በዚህ ዘመን ግን ኳስ በመጫወት እንጀራውን ሊያገኝ የሚሄድም ተጨምሯል። ይህን ነገር እንደ ቀልድ የሚቈጥሩት ሰዎች አሉ፤ እንደ ወርቅ ጕድጓድ የሚቈጥሩትም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን በሚገባ ስላልመረመሩት፥ እኛ ያየነውንና ያወቅነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን በዚህ ገጽ ልናቀርብ ወደድን።

ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት፥ በአንድ ቅዳሜ ቀን፥ ከቴፒ ወገን የመጡ ባልና ሚስት በሚዛን ተፈሪ ወደሚገኘው ቤታችን ገቡ። በጋብቻ የሚዛመዱን ሰዎች ስለ ሆኑ ቡና ተፈልቶ፥ ቆሎ ቀርቦ፥ የዘመድ ጤናና የዝናሙ ሁኔታ ከተጠየቀ በኋላ አባትዮው ከኮቱ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነ ሰው ዘመዱ ሁሉ ወረቀት ይዞ እንደሚመጣበት የታወቀ ነው፤ የዚህ ወረቀት ነገር ግን ከለመድነው የተለየ ነበር። 17 ዓመት የሆነው ልጃቸው ቁመቱ ከአባቱ ከአንድ ስንዝር ይበልጣል፤ በትምህርት ቤቱም በቅርጫት ኳስ ጨዋታ የተመሰገነ ነው። አንድ ደላላ ይህን አይቶ፥ «ልጃችሁን በባሕር ማዶ ካለ ክለብ አስገባዋለሁ፤ ዓመት ሳይሞላው ቤት ይሠራላችኋል» ብሏቸዋል። ስለ ድካሙና ስለ ጕዞው ወረቀት ግን አስቀድሞ ብዙ ገንዘብ ጠይቋል። ቤተ ሰቡ ይህን ገንዘብ ሊያገኝ የሚችለው የቡናውን ማሳ በወለድ አገድ አሳልፎ በመስጠት ነው።

አባትዮው፥ «ጋሼ፥ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ የወለድ አገዱን ውል በመልካም ጽሕፈት ይጻፉልን» አለን። እናቲቱ ግን ስኒውን ሳትጠጣው በእጅዋ እንደ ያዘች፥ «እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ይህ ሰውየው የሰጠን ወረቀት የሚያስረው እኛን ብቻ ነው ወይስ እርሱንም ያስረዋል?» ብላ ጠየቀችን። እኛ በፍርድ ቤት ብዙ ዘመን ስንጽፍ የብዙ ጠበቆችን ንግግር ሰምተናል፤ ከዚህ ይበልጥ የነገሩን ሥር የሚነካ ጥያቄ ግን አልሰማንም። መልሱንም ወዲያው ልንሰጥ አልደፈርንም። እስከ ሰኞ ድረስ እንዲቈዩ ለምነን፥ ይህ የባሕር ማዶ ኳስ ሥራ በእውነቱ እንዴት ያለ ሥራ እንደ ሆነ ካነበብነውና ከሚያውቁ ሰዎች ከጠየቅነው አሰባስበን ልንነግራቸው ተነሣን። ከዚህ በታች ያለው ያን ጊዜ ለእነርሱ የነገርናቸው ነው።

የቅርጫት ኳስ ጨዋታ እንደ ገና ጨዋታ ከአባቶች የወረደ አይደለም። በ1884 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1891) በአሜሪካ በማሳቹሴትስ አገር፥ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፥ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል የካናዳ ተወላጅ መምህር ፈጠረው። ይህ ሰው ያስተምርበት የነበረው ቤት በእኛ አገር ወወክማ ተብሎ የሚታወቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ነበር። የክረምቱ ብርድ ተማሪዎቹን ከቤት ውስጥ ስላዋላቸው፥ ጕልበታቸውን ያለ ጠብ የሚያወጡበት ጨዋታ እንዲፈልግ ታዘዘ። እርሱም 13 ሕግ ጽፎ፥ ሁለት የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫቶች ከአዳራሹ ሰገነት ላይ አስቸነከረ። ቅርጫቱ የተሰቀለበት ከፍታ ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲሜትር ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ አልተለወጠም።

እኛም በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን በግቢው ውስጥ በእንጨት ምሰሶ ላይ የብረት ቀለበት ተሰቅሎ ነበርና ከጓደኞቻችን ጋር ኳስ እንወረውር ነበር። ፊደል ያስቈጠሩን የቄስ ትምህርት ቤት መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «መቀመጫ በሌለው ቅርጫት ምን ይጠራቀማል?» ብለው ስቀው ነበር። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎን ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ ትዝ ይለናል።

በአሜሪካ አገር ይህ ጨዋታ ለብዙ ሰው መተዳደሪያ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ውድድር ኤን ቢ ኤ የሚባለው ማኅበር ሲሆን፥ በውስጡ 30 ክለቦች አሉ። እያንዳንዱ ክለብ የሚይዘው ሙሉ ውል ያለው ተጫዋች 15 ስለ ሆነ፥ ጠቅላላው ቊጥር ወደ 450 ይደርሳል። በየዓመቱም ከዓለም ሁሉ በስም ተጠርተው ወደዚህ ማኅበር የሚመረጡት አዲሶች 60 ያህል ናቸው። እንግዲህ በዚያች አገር በከፍተኛው ደረጃ የሚወዳደሩት ኮሌጆች ብቻ ከ350 የሚበልጡ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ከአሥር በላይ ተጫዋቾች ስላሉት፥ በሩ ምን ያህል የጠበበ መሆኑን አንባቢ በራሱ ሊያሰላ ይችላል። በዚህ በር ያልገቡት ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ኢጣሊያ፥ ወደ ስፓኝ፥ ወደ ግሪክ፥ ወደ ቱርክ፥ ወደ ቻይና፥ ወደ ግብፅና ወደ ሌሎችም አገሮች ይሄዳሉ። ስለዚህ በሀብቷ የምንደነቅባት አሜሪካ ራስዋ ልጆችዋን ለእንጀራ ወደ ሰው አገር ትሰድዳለች ማለት ነው።

ከእነዚህ ተጓዦች አንዱ ካይል ሃይንዝ የሚባለው ነው። በ2000 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2008) ኮሌጁን ሲጨርስ፥ በተጫወተበት ቦታ ላይ ለሚቆም ሰው ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ ኤን ቢ ኤ አልመረጠውም። አጭር የተባለው ቁመት አንድ ሜትር ከ98 ሳንቲሜትር መሆኑን ስንናገር አንባቢዎቻችን ይሥቁ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። እርሱም ወደ ኢጣሊያ ሄዶ ቬሮሊ በምትባል ትንሽ ከተማ በሁለተኛው ደረጃ ክለብ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወደ ጀርመን፥ ከጀርመን ወደ ግሪክ፥ ከግሪክ ወደ ሞስኮ፥ ከሞስኮ ወደ ሚላኖ ተዛወረ። በዚህም ጕዞ የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ አራት ጊዜ፥ ይኸውም በፈረንጅ 2012፥ 2013፥ 2016 እና 2019 ከጓደኞቹ ጋር ወሰደ። በ2016 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2024) ጨዋታውን ሲያቆም 16 የጨዋታ ዘመን በባሕር ማዶ ፈጽሞ ነበር። ይህን የመሰለ ረጅም ዘመን የሚያገኙት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ከዚህ በፊትም ቢል ብራድሊ የሚባል ሌላ ተጫዋች ነበር። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ኦክስፎርድ ለትምህርት ሄደ፤ በዚያው ዓመት በአውሮፕላን ወደ ሚላኖ እየተመላለሰ ለኢጣሊያው ክለብ ተጫውቶ በ1958 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1966) የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። በኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ በኒው ዮርክ ክለብ ሁለት ጊዜ የኤን ቢ ኤ አሸናፊ ሆነ፤ ጨዋታውን ከተወ በኋላም 18 ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ሴናተር ሆኖ አገለገለ። ይህ ሰው ኳሱን በአንድ እጁ ሲይዝ መጽሐፉን ከሌላው እጁ አልጣለም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ውሉ ነገር እንመለስ። የባሕር ማዶ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የሚዋዋለው ለአንድ የጨዋታ ዘመን ብቻ ነው። ክለቡ ደመወዝ ይሰጠዋል፤ ብዙውን ጊዜም የሚኖርበትን ቤትና የመሄጃና የመመለሻ የአውሮፕላን ቲኬት ይችልለታል። በብዙ አገሮች ክለብ ሊይዘው የሚችለው የውጭ ተጫዋች ቊጥር በሕግ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ እንግዳው ከአገሬው ተጫዋች በግልጽ የሚበልጥ ካልሆነ በቀር ቦታ አያገኝም። ቢጐዳ ወይም ጨዋታው ቢበላሽበት በምትኩ ሌላ ሰው ይመጣል። ልጅ ሲወለድ፥ እናት ስትታመም፥ በዓል ሲከበር እርሱ በሩቅ ከተማ በተከራየው ቤት ውስጥ ነው።

ክለቦች ደመወዝ የሚያስቀሩበት ጊዜም ስለ በዛ፥ ፊባ የሚባለው የዓለም የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በፈረንጅ 2007 ለዚህ ዓይነት ክርክር የሚሆን የግልግል ዳኝነት በስዊስ አገር በጄኔቫ አቋቋመ። ለእኛ ለፍርድ ቤት ሰዎች ግን የሚያስደንቀን አንድ ነገር አለ። ይህ ዳኝነት ነገሩን የሚያየው በውሉ ውስጥ ሁለቱ ወገኖች «ክርክር ቢነሣ በዚህ ዳኝነት ፊት እንቀርባለን» ብለው የተስማሙ እንደ ሆነ ነው። አንድ መስመር ጽሕፈት የጐደለበት ሰው ደመወዙ ቢቀርበት በዚህ ዳኝነት ደጅ ሊቆም አይችልም። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ስለዚህ ነው።

የተጫዋች ወኪል የሚሆነውም ሰው ማንም ደላላ አይደለም። ተጫዋቾችን ከአገር ወደ አገር የሚያዋውል ወኪል ከፊባ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ከተጫዋቹ የሚቀበለው ዋጋ ከደመወዙ ከመቶ አሥር እንዳይበልጥ በደንብ ተወስኗል። አንባቢ ልብ ይበሉ፤ ዋጋው ከደመወዝ የሚከፈል ከሆነ፥ ደመወዙ ሳይኖር አስቀድሞ የሚከፈል ነገር የለም ማለት ነው። ከዚህም በቀር 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በልዩ ምክንያት ካልተፈቀደለት በቀር ከአንድ አገር ፌዴሬሽን ወደ ሌላው ሊዛወር አይችልም። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቊጥር 1178 ሰውን አታሎ ለብዝበዛ ወደ ውጭ አገር መላክን በብርቱ ቅጣት ይከለክላል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚሉ እንዳይኖሩ፥ ከደጃችን የሚነሣ ምሳሌ እናምጣ። ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ በዲማ መንገድ ወደ ቈላው የወረደ ሰው የአኝዋክ ወገኖቻችን ወደሚኖሩበት አገር ይደርሳል። በባሮ፥ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳር በሚኖረው በዚህ ሕዝብ ዘንድ ኦሞት የሚለው ስም የተለመደ ነው። ኑኒ ኦሞት የሚባለውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እናቱ የወለደችው ከኢትዮጵያ በጦርነት ምክንያት ተሰድዳ በኬንያ በስደተኛ ሰፈር ሳለች፥ መስከረም 23 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ሕፃን ሳለም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሚኒሶታ አገር ኖሩ። በዚያ አገር ብዙ አኝዋኮች ይኖራሉ።

የዚህ ልጅ መንገድ በአንድ ቀን የተከፈተ አይደለም። ቁመቱ ሁለት ሜትር ያለፈ ነው፤ ነገር ግን ቁመት ብቻውን ታላቁን በር አልከፈተለትም። በመጀመሪያ በሚኒሶታ በአንድ ትንሽ ኮሌጅ፥ ቀጥሎም በአዮዋ በአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማረ፤ ከዚያ በኋላ ነው በቴክሳስ ወዳለው ወደ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የገባውና እስከ 2010 ዓ.ም. የተጫወተው። በዚያ ዓመት ከሚመረጡት 60 ሰዎች መካከል ስሙ አልተጠራም። እርሱም እንደ ሌሎቹ በዝቅተኛው ማኅበርና በውጭ አገር ክለቦች እየተዘዋወረ እንጀራውን ፈለገ።

በመጨረሻም እናቱ ተሰድዳ ከወጣችበት አህጉር ጥሪ መጣለት። ኤን ቢ ኤና ፊባ አንድ ሆነው ያቋቋሙት የአፍሪካ ክለቦች ውድድር በ2013 ዓ.ም. በኪጋሊ ተጀምሮ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ኑኒ ኦሞት ለካይሮው ለአል አህሊ ክለብ ተጫወተ። ግንቦት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በኪጋሊ በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ አል አህሊ የሴኔጋልን ክለብ 80 ለ65 አሸነፈ፤ ኦሞትም የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ያቺ ስደተኛ እናት በኬንያ ሰፈር ስትወልደው፥ ልጅዋ ለሥራ ወደ አፍሪካ ተመልሶ እንዲህ እንደሚከበር ማን ሊነግራት ይችል ነበር?

በሚቀጥለውም ዓመት ለደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቡድን በፓሪስ ኦሊምፒክ ተሰለፈ። ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ያገኘችው በ2003 ዓ.ም. መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ይህን የቅርጫት ኳስ ጉዳይ የሚመራው ሉዎል ዴንግ ደግሞ ራሱ በልጅነቱ ከሱዳን ተሰድዶ በኤን ቢ ኤ ብዙ ዓመት የተጫወተ ሰው ነው። በአሠልጣኝነት ያገለገለው አሜሪካዊው ሮያል አይቪ ነበር። ከቡድኑም ጋር ካርሊክ ጆንስ የሚባል በሲንሲናቲ የተወለደ አሜሪካዊ አብሮ ነበር፤ በኤን ቢ ኤ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተጫውቶ እንጀራውን በቻይናና በሰርቢያ ክለቦች የፈለገ ነው። ፊባ አንድ ቡድን በኋላ ዜግነት ያገኘ አንድ ተጫዋች እንዲያሰልፍ ስለሚፈቅድ፥ በዚህ ፈቃድ የደቡብ ሱዳንን ልብስ ለበሰ።

ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በለንደን በተደረገ የመሞከሪያ ጨዋታ ይህ ቡድን በዓለም አንደኛ የሆነውን የአሜሪካን ቡድን ሊያሸንፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሌብሮን ጀምስ ባገባው ኳስ አሜሪካ 101 ለ100 አሸነፈች። በኦሊምፒኩም ሐምሌ 21 ቀን ደቡብ ሱዳን ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፈ። ከሦስት ቀን በኋላ በአሜሪካ 103 ለ86 በተሸነፈበት ጨዋታ ለደቡብ ሱዳን ከሁሉ ይበልጥ፥ ይኸውም 24 ነጥብ ያገባው ኑኒ ኦሞት ነበር።

በእግር ኳስም ቢሆን ከጋምቤላ የተነሣው ጋቶች ፓኖም ለኢትዮጵያ ቡና ክለብ ሲጫወት ቈይቶ በ2009 ዓ.ም. ወደ ሩስያው ወደ አንዢ ክለብ ተዛውሯል፤ በኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ ለልዩ ልዩ ክለቦች ተጫውቷል። ስለዚህ ከዚህ ከእኛ ወገን ልጅ ሊወጣ አይችልም የሚል ሰው ቢኖር ስሕተት ነው። ይወጣል፤ ነገር ግን የወጡት በምን መንገድ እንደ ወጡ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ በትምህርት ቤት፥ ሌላው በታወቀ ክለብ ከታወቀ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ለባልና ሚስቱ ከነገርናቸው በኋላ ደላላው የሰጣቸውን ወረቀት በፊታቸው ቃል በቃል አነበብንላቸው። የክለቡ ስም የለበትም። አገሩ «አውሮፓ» ከመባል በቀር ከተማው አልተጻፈም። ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ፥ ልጁ ቢታመም ማን እንደሚያሳክመው፥ የመመለሻውን ቲኬት ማን እንደሚከፍል አይናገርም። የደላላው ግዴታ «ይረዳል» በሚል በአንድ ቃል ሲያልቅ፥ የአባትየው ግዴታ ግን በቀንና በብር ተቈርጦ ተጽፏል። ያን ጊዜ ለእናቲቱ፥ «እመቤቴ፥ ለጠየቁን ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ወረቀቱ የሚያስረው እናንተን ብቻ ነው» አልናት።

አባትዮው ፊቱ ጠቈረ። «ጋሼ፥ እርስዎ ልጆችዎ ከከተማ ተምረው ሥራ ይዘዋል። የእኔ ልጅ ግን ሌላ ዕድል ከየት ያገኛል? የቡና ዋጋ እንደ ሆነ አንድ ዓመት ይነሣል፥ አንድ ዓመት ይወድቃል። በዚህ ዕድል ብከለክለው እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ አይረግመኝምን?» አለን። ይህ ቀላል ነገር አይደለምና በችኰላ ልንመልስለት አልቻልንም። ስለዚህ ለማንም ነግረነው የማናውቀውን የራሳችንን በደል ልንነግረው ግድ ሆነብን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎረቤታችን ይህን በመሰለ ጉዳይ መጥቶ ነበር። እኛም ውሉን በመልካም ጽሕፈት ገልብጠን ሰጠነው። ስለ ጽሕፈታችን ውበት ተመሰገንን፤ የነገሩን እውነት ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅንም። ልጁ ከአገር ከወጣ በኋላ ደረሰበት በተባለው ከተማ የሚቀበለው ሰው አላገኘም፤ ክለብ ተብሎ የተነገረውም ስም በዚያ አገር የለም። ሰባት ወር በገበያ ሸክም ሲሸከም ቈይቶ በዘመድ መዋጮ ተመለሰ። ማሳው እስከ ዛሬ በአበዳሪው እጅ ነው። ያ ጎረቤታችን በመንገድ ሲያገኘን ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለናል፤ አንድ ቀንም ወቅሶን አያውቅም። ይህም ከወቀሳ ሁሉ ይልቅ ይከብደናል።

አባትዮው ይህን ሰምቶ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላም፥ «ታዲያ ለልጁ ምን ብዬ ልንገረው?» ብሎ ጠየቀን። እኛም እንዲህ አልነው። «አይሆንም ብለው ብቻ አይንገሩት። ጥያቄዎቹን ይስጡትና ራሱ ለደላላው ያቅርብ። የክለቡ ስም ማን ነው? ይህ ክለብ በአገሩ ፌዴሬሽን የታወቀ ነው? እርስዎ የፊባ ፈቃድ አለዎት? ደመወዙ ስንት ነው፥ በየትስ ቀን ይከፈላል? ቢጐዳ ማን ያሳክመዋል? ክርክር ቢነሣ የሚዳኘው ማን ነው? 18 ዓመት ሳይሞላው እንዴት ይዛወራል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ሰው እውነተኛ ከሆነ አይቈጣም። የሚቈጣ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።»

ደግሞም ስለ ቡናው አንድ ነገር አሳሰብነው። የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ከያዘ በኋላ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የኳስ ተጫዋች ዘመን ግን ጕልበት እስካለ ድረስ ነው፤ 35 ዓመት ከሆነው በኋላ ብዙው ያቆማል። ስለዚህ የረጅሙን ነገር ሸጦ የአጭሩን መግዛት ጥበብ አይደለም። ልጁ ትምህርቱን ቢጨርስ ቁመቱ አያጥርም፤ ችሎታውም እውነተኛ ከሆነ በትምህርት ቤትና በአገር ውስጥ ክለብ ይታያል። ከአገር ውስጥ ክለብ የተነሣ ሰው ደግሞ ስሙ ቀድሞት ይሄዳል።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዘው ወደ ቴፒ ተመለሱ። የወለድ አገዱን ውል አልጻፍንላቸውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቲቱ በስልክ እንደ ነገረችን፥ ልጁ ጥያቄዎቹን ለደላላው ባቀረበ ጊዜ ሰውየው ተቈጥቶ፥ «እንደዚህ የሚጠራጠር ቤተ ሰብ ዕድል አይገባውም» ብሎ ሄደ፤ ከዚያም ወዲህ አልታየም። ልጁ ግን በእርሱ ከመናደድ ይልቅ በአባቱ ተናዶ አሥራ አምስት ቀን ያህል በአንድ ገበታ ለመብላት እንቢ ብሎ ነበር። ይህን የምንጽፈው መልካም ምክር ሁሉ ወዲያው ምስጋና የሚያስገኝ እንዳይመስል ነው። አሁን ወደ ትምህርቱ ተመልሷል፤ ማታ ማታም በትምህርት ቤቱ ሜዳ ይጫወታል። በመጨረሻ ክለብ ያግኝ ወይም አያግኝ ማንም ሊናገር አይችልም። አንድ ቀን እውነተኛ ውል ቢመጣለት ግን አስቀድመን የምናነብለት እኛ እንደ ሆንን ቃል ገብተንለታል።

በየመሥሪያ ቤቱና በየአገሩ የምትገኙ ክቡራን አንባቢዎቻችንም ዘመድና ጎረቤት «ዋስ ሁኑን፥ ጻፉልን፥ አትሙልን» እያለ ወደ እናንተ መምጣቱ የማይቀር ነው። ማኅተም ከመምታታችሁና ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት የዚያችን እናት ጥያቄ አንድ ጊዜ ጠይቁ፤ ይህ ወረቀት የሚያስረው ማንን ነው? መምህራችን እንዳሉት መቀመጫ በሌለው ቅርጫት የሚጠራቀም ነገር የለምና፥ ልጁ ኳሱን ይወርውር፤ የቤተ ሰቡ ማሳ ግን አብሮ እንዳይወረወር አደራ እንላለን።